አንባቢ ይጠይቃል፦ የቮልሱ የኪሎሜትር ኬብል በየት ይለፍ?

ጥያቄ፦ በአሮጌ የቮልስ ሻንሲ ላይ የፋይበርግላስ ቦዲ እየገጠምኩ ነው። የፍጥነት መለኪያውን ከመሪው ፊት አንስቼ ዳሽቦርዱ መሀል ላይ አድርጌዋለሁ። መርፌው ከ40 በላይ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ኬብልም ተበጥሶብኛል፣ ሁለቱም ጎማው ጋ። ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የአገጣጠሜ?

መልስ፦ ሁለቴ እዚያው ቦታ ከተበጠሰ ዕቃውን አይውቀሱ። የቮልስ ኬብል እንደ ብዙዎቹ መኪኖች ከካምቢዮ አይነሳም፤ የሚነሳው ከግራው የፊት ጎማ ነው። የውስጠኛው ሽቦ አራት ማዕዘን ጫፍ ባዶ በሆነው የጎማ ዘንግ ውስጥ አልፎ በግራሶ ክዳኑ መሀል ባለችው ቀዳዳ ይወጣና በትንሽ ክሊፕ ወይም ፒን ይያዛል። ክዳኑ ከጎማው ጋር ሲዞር ሽቦውን ያዞረዋል። ስለዚህ መሪ በዞረ፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ኬብሉም አብሮ ይሄዳል። ካጠረ፣ ወይም ጎማው አጠገብ ጠብቆ ከታሰረ፣ ሽፋኑ ይሳብና ሽቦው ዘንጉ አፍ ላይ እንደታጠፈ ይዞራል። በዚህ ሁኔታ ሽቦ ብዙ አይቆይም።

ርዝመቱን በሲባጎ አይለኩ፤ ሲባጎ ማዕዘን ላይ ስለሚታጠፍ ሁልጊዜ ያሳጥራል። በኬብሉ ውፍረት ልክ የሆነ ጠንከር ያለ የጎማ ቱቦ ይሻላል። መኪናውን በክሪክ አንስተው ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ መሪውን እስከ ጥግ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ያዙሩ፤ ቱቦው በሁለቱም መወጠር የለበትም። ፋይበርግላስ ቀላል ስለሆነ የመኪናዎ ፊት ከድሮው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ይህን ልኬት የሚዘልሉት ብዙ ናቸው። ቀጥሎ ጎማውን ከታች በክሪክ ወደ ላይ ገፍተው ቱቦው ጎማውን እንዳይነካ ይዩ።

ከዘንጉ ጀርባ እስከ ቦዲው ድረስ ኬብሉ ነፃ ይሁን። ከፍሬኑ ቱቦ ጋር ፈጽሞ አይሰሩት። ቦዲውን የሚያልፍበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ይኑረው፤ የተቆረጠ ፋይበርግላስ ሽፋኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከዚያ ወዲያ በየ30 ሳ.ሜ. ላላ ባለ ማሰሪያ ይያዙት።

የመርፌው መንቀጥቀጥ ግን ከላይኛው ጫፍ ይመስላል። መለኪያው መሀል ሲገባ ኬብሉ ከጀርባው ወዲያው ሳይታጠፍ አልቀረም። የመጨረሻው 20 ሳ.ሜ. ቀጥ ብሎ ይግባ። ሌላው መታጠፊያም 30 ሳ.ሜ. ስፋት ካለው የድስት ክዳን ዙሪያ የጠበበ አይሁን። ቦታው ካልፈቀደ መለኪያውን ጥቂት ወደ ግራ ማዛወር ኬብል ከመቀያየር ይረክሳል።

ሽቦውን አውጥተው በሁለት እጅዎ እንደ ቀለበት ግማሽ አጥፈው ይያዙትና አንዱን ጫፍ በጣትዎ ቀስ ብለው ያዙሩ። ሌላው ጫፍ ቆም ብሎ ዘልሎ የሚዞር ከሆነ ሽቦው ተጣሟል፤ ይጣል። ደህና ከሆነ ስስ ግራሶ ቀቡት፣ የላይኛውን 20 ሳ.ሜ. ግን ደረቅ ይተዉት። የተጠመዘዘ ሽቦ ግራሶን እንደ ብሎን ወደ ላይ እየገፋ መለኪያው ውስጥ ያስገባል፣ መርፌውም ይጣበቃል።

ለዚህ ሥራ የጎማውን ዳዶ መፍታት አያስፈልግም። ኩሽኔቱን ለማየት ከፈለጉ ግን የግራው ዳዶ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው፤ በጉልበት ጥርሱን የጨረሱት ጥቂት አይደሉም።

ከፊት ትልልቅ ጎማ ከገጠሙም መለኪያው አሳንሶ ያሳያል። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው አንድ ዙር ያንከባልሉትና መሬቱን ይለኩ። የድሮው ጎማ 2 ሜትር ሄዶ አዲሱ 2.15 ከሄደ፣ መርፌው 60 ሲል እርስዎ በ64.5 እየነዱ ነው።