ከሦስቱ የናፍጣ ሞተሮች ለድርጅታችን የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የውኃ ፓምፕ የሚተክልና የሚጠግን ድርጅት ውስጥ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። ለድርጅቱ አንድ ደብል ጋቢና ልንገዛ ነው። ቢሮአችን አዲስ አበባ ነው፤ በየወሩ ዕቃ ጭነን ወደ ደብረ ማርቆስና ዙሪያው ገጠር እንወጣለን። ሦስት ሂሉክስ ቀርቦልናል፦ ቱርቦ የሌለው የድሮው 3.0፣ 2.5 ዲ ፎር ዲ፣ እና አዲሱ 2.8። ሥራ አስኪያጃችን ጉልበቱ ይበልጣል ብለው 2.8ቱን ይፈልጋሉ። ሾፌራችን ደግሞ መንገድ ላይ የማያስቀር 3.0ው ብቻ ነው ይላል። በምን እናወዳድራቸው?

መልስ፦ በጻፉልኝ ሥራ እኔ የምመርጠው 2.5ቱን ነው። ኢንተርኩለር (ቱርቦው ያመቀውን ትኩስ አየር የሚያበርድ ዕቃ) ያለው መሆን አለበት፤ ከታች የምነግርዎትን ፍተሻም ማለፍ አለበት። ምክንያቴን ልዘርዝር፤ ሥራ አስኪያጁም ሾፌሩም የያዙት እውነት ስላለ ሁለቱንም ማስረዳት ይኖርብዎታል።

መጀመሪያ የፈረስ ጉልበቱን ነገር እናጥራ። በመኪናው መግለጫ ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ወለል አየርን መነሻ ያደረገ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንን የሳሳ አየር በራሱ ትንፋሽ ብቻ ስለሚስብ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። የድሮው 3.0፣ መካኒኩ ሁሉ 5ኤል የሚለው፣ ሲወለድ 100 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ 80 ከቀረው ጥሩ ነው። በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራው ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ናፍጣውን እንደ ቆላ መጠን ይረጫል። የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። እንደ 2.5ቱና 2.8ቱ ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ የጎደለውን አብዛኛውን ይመልሳል።

የእናንተ መንገድ በዓባይ በረሃ ያልፋል። ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ ድልድዩን ስትሻገሩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት ነው፤ እሱንም ፓምፕና ቧንቧ ጭናችሁ፣ በበረሃ ሙቀት። 5ኤሉ ይወጣዋል፤ ግን በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ፣ የሙቀት መለኪያው እያደር ወደ ላይ እያለ። ራዲያተሩ ትንሽ ከተደፈነ ወይም ውኃው ከጎደለ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ይበላል። ሾፌሩ "መንገድ ላይ አያስቀርም" የሚለው ዳገቱ ላይ በትዕግሥት ለሚነዳ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ሾፌሩ የያዘው ነገር ቀላል አይደለም። 5ኤል ናፍጣውን የሚረጨው በ150 ባር አካባቢ ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ዲ ፎር ዲ በሚባለው በ2.5ቱ ላይ ያለው ኮመን ሬል (ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቱቦ አምቆ የሚያድለው ዘዴ) ከ1,000 ባር በእጅጉ ያልፋል፤ 2.8ቱ ደግሞ 2,000ን ይሻገራል። እንዲህ ባለ ግፊት ውስጥ ያለች ጠብታ ውኃ ወይም ቅንጣት አቧራ ናፍጣውን የሚረጨውን ዕቃ፣ ኢንጀክተሩን፣ እንደ አሸዋ ወረቀት ትሞርደዋለች። 5ኤሉ ቆሻሻ ናፍጣ ጠጥቶ እያጨሰ አገር ቤት ያደርስዎታል፤ ቢበላሽም ኖዝል (የመርጫውን ጫፍ) አስፈትሾ የሚገጥም ሰው በየዞኑ ከተማ አለ። የኮመን ሬል ኢንጀክተር ግን የሙከራ ማሽን ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። የምትሠሩት ከማደያ የራቀ ወረዳ ውስጥ ሆኖ ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን የምትቀዱ ቢሆን ኖሮ ከሾፌሩ ጋር እስማማ ነበር። የእናንተ መንገድ ግን ማደያ ያለው ዋና መንገድ ነው፤ ወደ ገጠር ስትገቡም ከደብረ ማርቆስ ሞልታችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

2.8ቱ ጥሩ ሞተር ነው። እንደ ሞዴሉ በአብዛኛው ከ177 እስከ 204 ፈረስ ጉልበት አለው፤ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ሳይሆን ሰንሰለት ስለሆነ የቺንጋ መቀየሪያ ወጪ የለበትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ የጭስ ማጣሪያ፣ ዲፒኤፍ የሚሉት፣ አለው ወይ? ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ አለው። ይህ ማጣሪያ ጥላሸቱን ያጠራቅምና በ600 ዲግሪ ገደማ ያቃጥለዋል፤ ለማቃጠል ግን መኪናው ሞቆ ሳይቆራረጥ መሮጥ አለበት። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በትራፊክ እየቆመ እየተነሣ የሚውል መኪና ማቃጠሉን ጀምሮ ያቋርጣል። በተደጋጋሚ ሲቋረጥ ማጣሪያው እየተደፈነ ይሄዳል። ማጣሪያው የተሠራው ድኝ ለሌለው ሊባል ለሚችል ናፍጣ ነው፤ የአውሮፓው ደረጃ በኪሎ ግራም ከ10 ሚሊ ግራም አያልፍም። ሻጩ "አስወጥተነዋል፣ ፕሮግራም ተደርጓል" ካለዎት ደግሞ የፕሮግራሙን ሥራ ማን እንደሠራው ሳያውቁ አይግዙ። ዲፒኤፍ የሌለው ሆኖ በጀታችሁ ከቻለ 2.8ቱን አልቃወምም። ለእናንተ ጭነት ግን ያን ሁሉ ጉልበት አትጠቀሙበትም።

ስለ 2.5ቱ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአንድ ስም የሚሸጡ የተለያዩ ሞተሮች ናቸው። ኢንተርኩለር የሌለው 102 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ያለው ከ120 እስከ 144 ይደርሳል፣ የመጎተት ኃይሉም ከ325 እስከ 343 ኒውተን ሜትር። የ5ኤሉ 200 አካባቢ መሆኑን ያስታውሱ። ለዳገት የሚያስፈልገው ይሄኛው ቁጥር ነው፤ ያውም ሞተሩ ሳይጮህ በዝቅተኛ ዙር የሚገኝ። ኮፈኑ ላይ የአየር አፍ ስላዩ ብቻ አይመኑ፤ ክፈቱና ሞተሩ ላይ የተቀመጠውን ኢንተርኩለር በዓይንዎ ይዩ።

ወጪውንም እንይ። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ እንበል። አንዱ በሊትር 8፣ ሌላው 11 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ልዩነቱ ከ1,000 ሊትር በላይ ነው። ይህን በዛሬው የማደያ ዋጋ ያባዙትና ለሥራ አስኪያጁ ያሳዩ፤ ለኢንጀክተር የሚቀመጠው መጠባበቂያ ከዚያው ይወጣል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ያውቃሉ፤ የሚቀርብላችሁ በአብዛኛው እዚሁ የሠራ መኪና ነው። ስለዚህ የሞተሩን ዓይነት መምረጥ ግማሹ ጉዳይ ነው። ግማሹ ያ የምትገዙት ሞተር እስከ ዛሬ እንዴት እንደተያዘ ነው፤ ፍተሻው ላይ አትቸኩሉ።

2.5ቱን ለማየት ሲሄዱ በጠዋት ይሂዱ፤ ሻጩን ሞተሩን እንዳያስነሣ አስቀድመው ይንገሩት። ደርሰው ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ሞቆ ከሆነ ሌላ ቀን ይመለሱ። ቀዝቅዞ ሲነሣ ነጭ ጭስ እየለቀቀ የሚንኳኳ፣ ሲሞቅ ግን ዝም የሚል ከሆነ ኢንጀክተሮቹ ደክመዋል። ከዚያ መካኒኩ አራቱ ኢንጀክተሮች ሳይረጩት የሚመልሱትን ናፍጣ በአራት ተመሳሳይ ጠርሙስ ለየብቻ ይቀበል። ሞተሩ በሚኒሞ (የነዳጅ ፔዳሉ ሳይረገጥ) ጥቂት ደቂቃ ይሥራ። አራቱ ጠርሙሶች ተቀራራቢ ናፍጣ ከያዙ ደህና ነው፤ አንዱ የሌሎቹን እጥፍ ከያዘ ያ ኢንጀክተር አልቋል፣ ዋጋውም ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ። ይህ ሙከራ ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ "አያስፈልግም" የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ለምን እንደሆነ ይጠይቁት።

በኢንጀክተሮቹ ሥር ያለችውን የመዳብ ዋሸር አይርሷት። ይህች ዋሸር ስታፈስ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ላይ ያመልጣል፤ ጥቁር ሬንጅ የሚመስል ነገር ኢንጀክተሩ ዙሪያ ይጋገራል፣ "ቸፍ ቸፍ" የሚል ድምፅም ይሰማል። ጥላሸቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ ታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል። ያኔ ሞተሩ ዘይት ያጣል፤ ብሮንዚን (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ይበላል፣ ቱርቦው ይነክሳል፣ ኮሎውም (ዋናው ዘንግ) ይከተላል። አንዲት ርካሽ ዋሸር ያመጣችው መሆኑን ብዙ ሰው የሚያውቀው ሞተሩ ከወረደ በኋላ ነው። ከሞተሩ አናት ያለውን የቫልቮላ ክዳን አስከፍተው ያስዩ፤ የሚጠራጠሩ ከሆነ የዘይት ሳህኑም ይፈታ።

የታይሚንግ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካላሳዩዎት አልተቀየረም ብለው ይቁጠሩት። እንደ ሞዴሉ በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚቀየረው፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ግን ማንም አስቀንሶት ሊሆን ይችላል። ከገዙ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ቺንጋውን ከነመወጠሪያው መቀየር ይሁን።

አያያዙን በተመለከተ የናፍጣ ፍልትሮውን በየ10,000 ኪሎ ሜትር ይቀይሩ፣ ዘይቱን በየ5,000። መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሲገዙ ፍልትሮውን ዕቃ ከሚያውቅ መካኒክ ጋር ሆነው ይምረጡ፤ ከሌላው ዕቃ ሁሉ በፍልትሮ ላይ የሚቆጥቡት ገንዘብ በጣም ያስከፍላል። ከዋናው ፍልትሮ በፊት ውኃ የሚለይ ተጨማሪ ፍልትሮ በመስታወት ብልቃጥ ቢያስገጥሙ ሾፌሩ በየጠዋቱ ውኃ መኖሩን በዓይኑ ያያል። ካለ ሳያፈስ አይንቀሳቀስ። ደጀን ላይ ዳገቱን ጨርሶ ሲቆምም ሞተሩን ወዲያው አያጥፋ፤ ቱርቦው እስኪበርድ ሁለት ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ይተወው።

ሾፌሩን ለፍተሻው ይዘውት ይሂዱ። ጠርሙሶቹን በዓይኑ ይይ፣ በተጫነ መኪና እንጦጦን ያስወጡት። መኪናውን በየቀኑ የሚይዘው እሱ ስለሆነ ካላመነበት የጻፍኩትን ሁሉ በተግባር የሚያውልልዎት ሰው አይኖርም።