ልጅሽ ሰነፍ አይደለም፤ ባዮሎጂው ባንዴ በዝቶበት ነው

እህቴ፣ «9ኛ ክፍል የገባው ልጄ ባዮሎጂ እስከ እኩለ ሌሊት ያጠናል፣ ጠዋት ስጠይቀው ግን ምንም የለም» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ 14 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። ልጅሽ ሰነፍ አይደለም።

የሰው ጭንቅላት አዲስ ነገርን ባንዴ ይዞ ሊያስብበት የሚችለው ጥቂት ነው፤ አራት ነገር ቢሆን ነው። እስቲ የደም ዝውውርን እይው። አትሪየም፣ ቬንትሪክል፣ አኦርታ፣ ቬና ካቫ፣ ፐልሞናሪ አርተሪ... ልጁ ደሙ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባው የልብ ክፍሎቹንና የደም ሥሮቹን ስም ይሸመድዳል፣ እሱም ገና ባልጨበጠው እንግሊዝኛ። ዓረፍተ ነገሩን ፈትቶ ሲጨርስ ለባዮሎጂው የሚተርፍ አቅም የለውም።

እኔም ስጀምር ጥፋተኛ ነበርኩ። ሰሌዳውን በኖት እሞላለሁ፣ እነሱ ይገለብጣሉ፣ እኔ በላዩ ላይ አብራራለሁ። ማን ይሰማኛል? አንዴ ጥሩ ውጤት ያመጣን ልጅ «ደሙ ሳንባ ከደረሰ በኋላስ?» ብዬ ብጠይቀው «ቲቸር፣ እዛው ይቀራል» አለኝ!

ከዚያ በኋላ ከሥጋ ቤት የበሬ ልብ ገዝቼ ክፍል ገባሁ (ባለ ሥጋ ቤቱ ለምን እንደሆነ ስነግረው ሳቀብኝ)። ሰንጥቀን ከፈትነው። አንድም የእንግሊዝኛ ስም አልጠራሁም። በስተግራ ያለው የታችኛው ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ይበልጥ ወፍራም ነው፤ ለምን? አልኳቸው። ዝም። ከኋላ አንዷ «ቀኙ የሚገፋው ጎረቤት ሳንባ ድረስ ነው፣ ግራው ግን እስከ እግር ጣት» አለች። በማግስቱ ስሞቹን ስጽፍ ያን ያህል አልከበዷቸውም።

ቤት ውስጥ መጀመሪያ ነገሩን በአማርኛ ያስረዳሽ። ስሞቹን ከዚያ በኋላ ሦስት አራት እያደረገ ይያዝ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ መሸሽ አይቻልም። ስዕሉ ላይ ቁጥር ብቻ ኖሮ ስሞቹ ግርጌ ከተደረደሩ፣ በእርሳስ እያንዳንዱን ቦታው ላይ ይጻፈው፣ ምክንያቱም ዓይኑ ላይና ታች ሲመላለስ የያዘውን ይጥላል። ማይቶሲስንና ሚዮሲስን (ሁለቱን የሴል አከፋፈል ዓይነቶች) ደግሞ በአንድ ማታ አያጥና፤ ስማቸው ራሱ ያምታታል። ማይቶሲስ ሁለት አንድ ዓይነት ሴል፣ ሚዮሲስ ግማሽ ክሮሞዞም የያዙ አራት ሴሎች የሚሰጥ መሆኑን ለይቶ ሳይዝ ወደ ደረጃዎቹ አይግባ።

ዛሬ ማታ ደብተሩን ዝጊና «ደሙ ከሳንባ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?» በይው። ከመለሰ የቀረው ስሙ ነው። ካልመለሰ፣ ጾም ካልሆነ፣ ልብ ገዝታችሁ ክፈቱት።