ክሊኒካል ፋርማሲ ልማር ወይስ የአያቴን ቅጠል ላጥና?

የዛሬው ጥያቄ ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ ፋርማሲስት ናት። ደሴ ተምራ ተመርቃለች፤ የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ፈቃዱንም አልፋለች። አሁን አንድ የግል መድኃኒት ቤት ውስጥ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። በአጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«አያቴ ወረባቦ ውስጥ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ናቸው። ልጅ ሆኜ ቅጠል ሲለቅሙ አብሬያቸው እዞር ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ። አንድ መምህሬ ክሊኒካል ፋርማሲ፣ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ሆኖ መድኃኒቱን የሚከታተለውን ሙያ፣ ግቢ ይለኛል፤ ልቤ ግን ወደ መድኃኒት ዕፅዋት ነው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ትምህርቱን ተይውና የአባታችንን አንድ ጥማድ መሬት መድኃኒት ቅጠል እንትከልበት፣ ገበያው ጥሩ ነው ይላል። ምን ይሻለኛል?»

ደብዳቤዋ ከዚህ ይረዝማል። የተውኩትን ክፍል ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እህቴ፣ ከወንድምሽ ልጀምር፤ የእሱ መልስ አጭር ነው። አይሆንም፣ ቢያንስ አሁን። ገበያው ጥሩ ነው ማለት ገዢ አለ ማለት አይደለም። ገዢው ማን ነው? ስንት ኪሎ ይወስዳል? ደረቅ ነው እርጥብ? በስንት? ወንድምሽ ይህን ወረቀት ላይ ካላሳየሽ መሬቱ ላይ ጤፉን ይዝራ።

እዚህ ላይ እኔም ዕዳ አለብኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የኩታበር ልጅ ሥራ አጣሁ ብሎ ሲመጣ የጥብስ ቅጠል ትከል አልኩት። አንድ ነጋዴ እወስዳለሁ ብሎኝ ነበር። ልጁ ተከለ፣ አማረለት፣ አጨደ፣ አደረቀ። ነጋዴው ስልክ ማንሳት አቆመ። «እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ወጥ ላይ ጨመረችው» ብሎ ሲስቅ እኔ አልሳቅኩም።

ይህ የወሎ ብቻ ችግር አይደለም። የወባ መድኃኒቱ የኮአርተም መነሻ የሆነውን አርቴሚሲያ የተባለ ተክል ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 የመድኃኒቱ ፈላጊ በዛና ቅጠሉ ጠፋ፤ ዋጋው ሰማይ ነካ። ከቻይና እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ገበሬው ተረባርቦ ተከለ። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይቆይ ዋጋው ተንኮታኮተ። ደግሞ ገዢው የሚከፍለው ለቅጠሉ ሳይሆን ቅጠሉ ውስጥ ላለው ነገር ነው። ዘሩ፣ የመሬቱ ከፍታ፣ የሚታጨድበት ሰዓት፣ አደራረቁ፣ ሁሉም ያንን ነገር ይለውጠዋል። አርቴሚሲያ የሚታጨደው ሊያብብ ሲል ነው፤ ካለፈበት ድካሙ ለገለባ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቁልቁል ስትወርጂ ሹራብሽን ታወልቂያለሽ፤ ተክሉም እንደዚያው ይሰማዋል። ይህን ማጥናት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና መድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ወንድምሽ የምሩን ከሆነ መጀመሪያ እነሱን ይጠይቅ።

(በነገራችን ላይ፣ ባቲና ከሚሴ አካባቢ አርቴሚሲያን እንደ ሻይ ጠጥቶ ወባን ማዳን ይቻላል የሚል ደንበኛ ከመጣብሽ አትለፊው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አይደግፍም። በሻይ የሚገኘው መጠን አይታወቅም፣ ያነሰ መጠን ደግሞ ተህዋሲያኑን መድኃኒቱን ያለማምዳል።)

አሁን ወዳንቺ። ልቤ ወደ ዕፅዋት ነው ብለሻል። እውነት ወደ ዕፅዋት ነው ወይስ ወደ አያትሽ? አትቀየሚኝ፣ ሁለቱ ይለያያሉ። ፋርማኮግኖሲ፣ ማለትም የመድኃኒት ዕፅዋት ጥናት፣ ብትገቢ ቀንሽ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ቅጠል ታደርቂያለሽ፣ ትፈጫለሽ፣ አልኮል ውስጥ ትዘፈዝፊያለሽ፣ ታጣሪያለሽ። ከዚያ ውስጡ ያሉትን ኬሚካሎች አንድ በአንድ ትለያለሽ፣ አይጥ ላይ ትሞክሪያለሽ። የጠፋ ኬሚካል ግዢ እስኪፈቀድ ወራት የምትጠብቂበት ጊዜም ይኖራል። ግሩም ሥራ ነው፤ የሚወዱት ሰዎች አውቃለሁ፣ ከላብራቶሪ በግድ ነው የሚወጡት። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም በሽተኛ ላታይ ትችያለሽ።

የተውኩት የደብዳቤሽ ክፍል እዚህ ይገባል። ከሁሉም የረዘመው አንቀጽ ስለ ቅጠል አልነበረም። ስለ አንድ ሰውዬ ነበር። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ሁለተኛ ወሩ ነው፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ የሚጠጣ ቅጠል ሰጠው። እሱ አንቺ ጋ የመጣው ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ሊገዛ ነው። አንቺ ግን ዓይኑን አየሽ። ምን እየወሰደ እንደሆነ ጠየቅሽ፣ ፓራሲታሞሉን ከለከልሽ፣ ጤና ጣቢያ ድረስ አብረሽው ሄድሽ። ማታ እንቅልፍ እንዳልወሰደሽም ጽፈሻል።

አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ጉበት ሊጎዱ እንደሚችሉ ተምረሻል። ቅጠሉ ሲጨመርበት የትኛው እንዳባባሰው ማንም ሐኪም መለየት ይቸገራል፤ ካርዱ ላይ ቅጠል የሚል ቃል የለማ! በሽተኛው አይናገርም፣ ሐኪሙ አይጠይቅም። ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቂው አንቺ ነሽ። አያትሽ ያስተማሩሽ ነገር እዚህ ላይ ወርቅ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ግን አንዱ ናሙና ብቻ ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር ክሊኒካል ፋርማሲ ነው። ዕፅዋቱን ተያቸው አልልሽም፤ ከበሽተኛው አልጋ ጀምረሽ አጥኚያቸው።

ምርምር ሲባል አዲስ መድኃኒት ማግኘት ብቻ ይመስለናል። የእንዶድን ታሪክ ታስታውሻለሽ። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ዓመታት ፈጅቶ ጉልበቱ የበረታውን፣ ኢ 44 የተባለውን ዘር መርጦ አለማ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ግን የሚገድለው ቀንድ አውጣውን ነው፤ ከሚሴ ላይ ቢልሃርዚያ የያዘው ልጅ ዛሬም የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ነው። አንዱ ያያል፣ አንዱ ያለማል፣ አንዱ ሰው ላይ ይፈትናል፣ ሌላው መመሪያ ውስጥ ያስገባል። የአርቴሚሲያውም ያው ነው። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዮዮ ወባን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ከቡድኗ ጋር ያወጣችው በ1972 ነው፤ የእኛ አገር የወባ መመሪያ ኮአርተምን የመጀመሪያ ምርጫ መድኃኒት ያደረገው በ2004 ነው፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። 32 ዓመት! አንድ ሰው ይህን ሁሉ አይሠራም። አንቺ የምትመርጪው ከሰንሰለቱ የትኛው ቀለበት እንደሆንሽ ነው።

የሕክምና መመሪያ የሚጻፈው አዋቂዎች ተሰብስበው የመሰላቸውን ስለሚያወሩ አይደለም። ጥያቄ ይቀረጻል፣ የተሠራ ጥናት ሁሉ ይፈለጋል፣ ማስረጃው ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ወይም በጣም ዝቅተኛ ተብሎ ይመዘናል። ጥቅሙ፣ ጉዳቱና ወጪው ይታያል። «አያቴ ሰጥታው ዳነ» የሚለው ለምን እንደማይበቃ በዳማ ከሴ ልንገርሽ። ወሎ ውስጥ ምች የመታው ሰው ዳማ ከሴ ያልታሸበት የለም፤ እኔም ታሽቶብኛል፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ግን ምንም ባይደረግለትም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በአሥር ቀን ይድናል። ታዲያ ያዳነው ቅጠሉ ነው ቀኑ? ታሽቶ የዳነውን ሳይታሽ ከዳነው ጋር ካላወዳደርሽ አታውቂም። አያትሽ ተሳስተዋል እያልኩ አይደለም፣ ገና አልተጠየቀም ነው የምለው።

አሁን ያለሽበት መድኃኒት ቤትም ባዶ ቦታ አይደለም። ሕፃኑ ተቅማጥ ይዞት ሜትሮ (ሜትሮኒዳዞል የተባለውን ፀረ ተህዋሲያን መድኃኒት) ስጪኝ የምትል እናት በሳምንት ስንት ጊዜ ትመጣለች? ደም ለሌለው ተራ ተቅማጥ መመሪያው የሚለው ኦ አር ኤስና ዚንክ ነው፤ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም። ዚንኩ ስንት ቀን እንደሚሰጥ እናትየዋ ታውቃለች? ወይስ ተቅማጡ በቆመ በማግስቱ ታቆመዋለች? ይኸውልሽ፣ ይህ ምርምር ነው፤ አይጥም ኬሚካልም አይፈልግም። አንድ የቀድሞ መምህርሽን ያዢና አንድ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ የአንድ ዓመት የተቅማጥ ካርድ ከመመሪያው ጋር እናመሳክር በይው። ነገር ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይወጣ አንድ ካርድ እንዳትገልጪ፤ የደንበኞችሽንም ወሬ በደብተር እየጻፍሽ ጥናት ነው እንዳትይ። መነሻ እንዲሆንሽ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን የጠቅላላ ሆስፒታል ስታንዳርድ ትሪትመንት ጋይድላይን፣ ማለትም የሕክምና መመሪያውን፣ ስልክሽ ላይ ጫኚው። ጽሑፍ ለማንበብ ገንዘብ አታውጪ፤ ሂናሪ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን ይከፍታል፣ የይለፍ ቃሉን ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ።

የአያትሽ ጉዳይ ግን ያሳስበኛል። የሚያውቁትን ለማንም አይናገሩም ብለሻል። ለአንቺ የነገሩሽ የልጅ ልጃቸው ስለሆንሽ እንጂ ተመራማሪ ስለሆንሽ አይደለም። ነገ ተነስተሽ የቅጠሉን ስምና አዘገጃጀት ጽፈሽ ብታወጪው መልሰሽ አትሰበስቢውም። እንዶድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ወጥቶበታል፤ ልብስ የሚያጥቡት የዓድዋ ሴቶች ስም እዚያ የለም። በሕግ ደረጃ የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። እሱን ከማንበብሽ በፊት ግን ወረባቦ ሂጂ። ቡናውን አፍልተሽ፣ አቦሉን ለእሳቸው ቀድተሽ፣ ይህን ብጽፈው ምን ይላሉ ብለሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉ እምቢ ነው።

ክሊኒካል ፋርማሲ ብትገቢም የዕፅዋቱ በር አይዘጋም። አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የባህል መድኃኒት ምርምር ይሠራል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ሲዲቲ አፍሪካም መድኃኒት ማግኘትና ሰው ላይ መፈተን ሥራው ነው። ቅጠል የሚያጣራ ኬሚስት ይኖራቸዋል፤ ዋርድ ገብቶ በሽተኛ ማናገር የሚችል፣ ያውም የወፍ በሽታ ሲሉት የሚገባው ሰውም ይፈልጋሉ።

ጊዜ አታባክኚ። ለጋት፣ ማለትም ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው፣ አሁን ተመዝገቢ፤ ሒሳቡን ከለቀቅሽው ቆይተሻልና በየማታው ግማሽ ሰዓት ስጪው። ሥራሽን አትልቀቂ፣ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ልምዱ ይጻፍልሻል። ያን የቲቢ ሰውዬም ጤና ጣቢያ ሄደሽ እንዴት እንደሆነ ጠይቂልኝ። ደብዳቤሽ ላይ መጨረሻውን አልነገርሽኝም።