መልስ፦ ቧንቧው ሳያፈስ መዝገብ ስለጎደለ ብቻ ለምን ቅጣት?
የጋዝ ቧንቧው ምንም ሳያፈስ የቧንቧው መዝገብ ወረቀት ጎደለ ተብሎ ኩባንያ ለምን ይቀጣል ብለው ለጠየቁት፦ የተቀበረ ቧንቧ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው መዝገቡ ነው። ምን ያህል ግፊት እንደሚችል የሚታወቀው ከብረቱ ውፍረት፣ ከብየዳው ዓይነትና ከሙከራ ውጤቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያዋ ሳን ብሩኖ ከተማ የፈነዳው የጋዝ መስመር 8 ሰዎችን ገደለ። የኩባንያው መዝገብ ቧንቧውን ብየዳ የሌለው ይለዋል፤ የተገኘው ግን በቁመቱ የተበየደ፣ ያውም ብየዳው ጉድለት ያለበት ነበር። በ2015 የግዛቱ ተቆጣጣሪ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ፤ በዓመቱ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ኩባንያውን በወንጀል ጥፋተኛ አለው። የወንጀሉ መቀጮ 3 ሚሊዮን ዶላር ብቻ መሆኑ ግን ለእኔ ቀልድ ነው።

መዝገብ ከጠፋ ግፊቱን ቀንሶ፣ ቆፍሮ ማየት ወይም መስመሩን በውሃ ግፊት መሞከር ይሻላል። ቀን ወደኋላ ጽፎ መሙላት ግን ጉድለቱን ወደ ወንጀል ይለውጠዋል።