ጥያቄና መልስ፦ የትኛውን ስክሪፕት ይዤ ልቅረብ?

ጋሼ፦ እንደምን ዋላችሁ የባሕር ዳር ልጆች። ለቴሌቪዥን ድራማ መጻፍ ለመጀመር ምን ዓይነት ናሙና እናሳይ እያላችሁ ሰሞኑን በየተራ ስትደውሉልኝ ከረማችሁ። ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት እዚሁ ነኝ፣ ጠይቁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ናሙና ማለት አንድ ክፍል ነው። ስልሳ ክፍል ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ ሽሽ ሽሽ ይለኛል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ጋሼ ሦስት ስክሪፕት አለኝ። አንዱ የፍቅር፣ አንዱ የወንጀል፣ አንዱ ኮሜዲ። የትኛውን ላሳይ?

ጋሼ፦ ሳላነበው በምን ልወቅ? ሦስቱንም ለሚያነብ ጓደኛህ ስጥ። ሳምንት ቆይተህ ቡና ጋብዘውና ስለ ስክሪፕት አታንሳ። እሱ ራሱ የሚያነሳብህ የትኛውን ነው? እሱን አሳይ።

ተመራቂዋ፦ አሜሪካ ውስጥ በስርጭት ላይ ላለ ድራማ አንድ አዲስ ክፍል ጽፈው ነው አሉ ሥራ የሚጠይቁት። እኛም እንደዛ እናድርግ ወይስ የራሳችንን እንፍጠር?

ጋሼ፦ ይኼ ጥያቄ ነው። እዚያ ለረጅም ዘመን መንገዱ እሱ ነበር። ጸሐፊዎቹ ተሰብስበው አንድ ድራማ በጋራ ይጽፋሉ። አዲስ ገቢ የሚፈተነው ሌላ ሰው የፈጠረውን ገጸ ባሕርይ በራሱ በገጸ ባሕርዩ አፍ ማናገር ይችላል ወይ ተብሎ ነው። የሚያስቀው ግን ጽሑፉ ለዚያው ድራማ አዘጋጆች አይሰጥም። ነገ ተመሳሳይ ነገር ቢሠሩ "ሰረቁኝ" ተብለው እንዳይከሰሱ ስለሚፈሩ አያነቡትም። ለሌላ ድራማ አዘጋጆች ነው የሚታየው። አሁን አሁን ደግሞ በብዛት የሚጠየቀው ጸሐፊው ራሱ የፈጠረው ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ነው፣ ፓይለት የሚሉት። አንቺም የራስሽን ጻፊ። የሌላውን ለእጅ ማፍታቻ ጻፊውና መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

ደንገል፦ ስንት ገጽ ይሁን?

ጋሼ፦ አሜሪካኖቹ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ብለው ነው የሚያሰሉት። የግማሽ ሰዓቱ 30 ገጽ አካባቢ፣ የአንድ ሰዓቱ ከ50 እስከ 60። ግን ያ ስሌት ኩሪየር ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ቅርጽ በ12 መጠን የተሠራ ነው። የእኛን ፊደል አይመለከተውም። ጮክ ብለህ አንብብና ሰዓት ያዝ።

ቀበሌ 14፦ ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ?

ጋሼ፦ ሐሳብ በሕግ አይጠበቅም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው። ስለዚህ ጻፈው።

ዘጌዋ፦ ጋሼ የእኔ ታሪክ ከደሴት ገዳም የጠፋ ብራና ስለሚፈልግ ወጣት ነው። ጥሩ ናሙና ይሆናል?

ጋሼ፦ ብራናውን ሲያገኘው ምን ይሆናል?

ዘጌዋ፦ ያልቃል።

ጋሼ፦ ስለዚህ ፊልም ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዘጠና በመቶ ጣጣችሁ ያለው እዚህ ነው። የቴሌቪዥን ድራማ በየሳምንቱ አዲስ ችግር በራሱ እግር የሚመጣበት ቦታ ይፈልጋል። ጣና ዳር ተቀምጣችሁ ቦሌ ላይ ስላለ ቪላ ትጽፋላችሁ! ጀልባ ነጂውን አታዩትም? ጣና ላይ ካሉት የደሴት ገዳማት ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ ታውቃላችሁ። አዲስ ተጋቢዎች ጀልባ ተከራይተው ሄዱ እንበል። ባል ወርዶ ገዳሙን ሊያይ ሄደ። ሚስት ከጀልባ ነጂው ጋር ውሃ ላይ ቀረች። አንድ ሰዓት ሙሉ። ምን ያወራሉ? ባሏ የማያውቀውን ነገር ለማያውቃት ሰው ብትናገርስ? ባል ሲመለስ ፊቷ ላይ ምን ያያል? በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው ይሳፈራል፣ ሌላ ጉድ ይዞ። በዚያ ላይ እምቦጩ ሞተሩን ይይዝበታል፣ የጀልባው ዕዳ አልተከፈለም፣ ልጁ ደግሞ ከተማ መቅረት ይፈልጋል። ይኼ አያልቅም። ለፕሮዲዩሰርም ቢሆን ጀልባና ሦስት ተዋናይ ከቪላ ይረክሳል።

የሽምብጥ ልጅ፦ እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴት ይገባል። አጠገቡ አይደል እንዴ? እዚያ ትጠብቀው።

ዘጌዋ፦ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ይገባል። ለምን ዘጌ አይሄዱም? ቡናውም አለ።

የሽምብጥ ልጅ፦ ዘጌ ከሄዱማ አብረው ወረዱ፣ ታሪክ የለም።

ደንገል፦ አስጎብኚ ሆናችሁ እኮ።

ጋሼ፦ እንጦስ ትውረድ ካላችሁ ትዕይንቱን ገደላችሁት። ጀልባው ላይ ትቅር። ቀጥሉ።

ተመራቂዋ፦ ጀልባ ነጂው በእኛ አገር ዘዬ ይናገር? አዲስ አበባ ያሉት አይስቁብንም?

ቀበሌ 14፦ ይስቃሉ። በቴሌቪዥን የጎጃም ሰው ሲመጣ ሁሌ ማሳቂያ ነው። የከተማውን አማርኛ መጻፍ ይሻላል።

ዘጌዋ፦ እሱን ብለን ብለን ነው ዘዬያችን የጠፋው።

ቀበሌ 14፦ አንቺ ራስሽ አሁን በየትኛው ነው የምትጽፊው?

ጋሼ፦ በቃ። ሰውየው በሚናገርበት ይናገር። ባንክ የምትሠራ ሴት ከተሳፈረች ደግሞ እንደ ባንክ ሠራተኛ ትናገር። የሚያስቀው ዘዬው አይደለም፣ ሰው ሳታስቡ ዘዬ ብቻ ስትጽፉ ነው። ዝም ብላችሁ ወደቡ ሄዳችሁ አንድ ጠዋት አዳምጡ።

ጀማሪ፦ ጋሼ ጥሩ ስክሪፕት ምን ዓይነት ነው?

ጋሼ፦ ጥሩ የሆነ።

ጀማሪ፦ ማለቴ እንዴት ይጀመር?

ጋሼ፦ እንደዛ ጠይቅ። በማንቂያ ደወል አይጀመር። ተነስቶ ጥርስ የሚፋቅበት ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩ ብነግርህ ታለቅሳለህ። አንባቢው አሥር ገጽ ነው የሚሰጥህ፣ እሱም ከታደልክ። ሚስትየው ጀልባ ላይ ከቀረችበት ጀምር። ሠርጉን በኋላ ከወሬያቸው እንሰማለን። ሁለተኛ፣ ገጸ ባሕርያት የሚያውቁትን ነገር እርስ በርስ አያስረዱ። "አንተ ወንድሜ እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው" የሚል ወንድም የለም።

ደንገል፦ ክፍያው ስንት ነው?

ጋሼ፦ ይለፈኝ።

የሽምብጥ ልጅ፦ የፕሮዲዩሰር ስልክ?

ጋሼ፦ አልሰጥም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ አሁን ነው የገባሁት። ስልሳ ክፍል የቤተሰብ ድራማ ጨርሻለሁ። ለማን ልስጥ?

ጋሼ፦ ወደ ላይ ውጣና ከመጀመሪያው አንብብ። አሥር ሰዓት ሆኗል፣ ሄድኩ።