የዲፈረንሻል ዘይት ተቀይሮ ጩኸት ሲመጣ፦ ኮሮና ፒኞን ለመግዛት አትቸኩል

ጥያቄው የመጣው በደሴ እና በኮምቦልቻ መካከል በዶልፊን ሚኒባስ ከሚሠራ ወጣት ሹፌር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «መኪናዋን ያገለገለች ገዛሁ። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት አስቀየርኩ። በማግስቱ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ከኋላ ማፏጨት ጀመረች። ነዳጅ ስረግጥ ትጮኻለች፣ እግሬን ሳነሳ ዝም ትላለች። ጋራዡ ኮሮና ፒኞን ግዛ አለኝ። ዘይት በመቀየር ዲፈረንሻል ይበላሻል እንዴ?»

አብሽር ወንድሜ። ገንዘቡን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ አቆየው። ዲፈረንሻል የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ነው፤ ኮሮና ፒኞን ደግሞ በውስጡ የሚገጣጠሙት ትልቁና ትንሹ ባለጥርስ ናቸው። ትክክለኛ ዘይት በልኩ ከገባ ጤነኛ ዲፈረንሻል አያስጮህም። ብዙ ጊዜ ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው፦ ወይ ዘይቱ አንሷል፣ ወይ የዲፈረንሻል ዘይት አይደለም፣ ወይ ድሮም የነበረውን ጩኸት አሮጌው ወፍራም ዘይት አፍኖት ነበር። ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ደግሞ ድምፅ ለመደበቅ 140 የሚባለውን በጣም ወፍራም ዘይት የሚሞላ አይጠፋም። ሰጋቱራ የሚጨምርም አለ ይባላል።

ደሴ ላይ ዘይት ያስቀየረ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «መኪናው የት ቆሞ ነበር?» ብዬ ነው። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ተዳፋት ላይ በቆመ መኪና ዘይቱ ልኩ ሳይደርስ በመሙያው ቀዳዳ ሊፈስ ይችላል፤ መካኒኩም «ሞላ» ብሎ ቡሎኑን ያስራል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ስትወርድ ሜዳ ቦታ አቁም። ሞተር አጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ። ዘይቱ እስኪረጋ ትንሽ ጠብቅና የመሙያውን ቡሎን ፍታ። በክሪክ እንዳታነሳው፣ ልኩ ይዛባል። ጣትህን ስታስገባ ዘይቱ ከቀዳዳው የታች ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከዚያ በላይ መሙላትም ጥሩ አይደለም። ዘይቱ ይሞቃል፣ አረፋ ይሠራል፣ መውጫ ሲያጣ በአክስሉ በኩል አልፎ የኋላ ፍሬን ሸራ ያርሳል። ሐረጎን ለሚወርድ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ልኩ ከተስተካከለ ወደ ዓይነቱ እንሂድ። እኔ በአንተ ጉዳይ የምጠረጥረው እዚህ ላይ ነው።

«90 ነው ያስገባነው» ይሉሃል። 90 የውፍረት ቁጥር ነው፣ የዘይቱን ዓይነት አይነግርህም። ዓይነቱን የሚነግርህ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚለው ጽሑፍ ነው። በዲፈረንሻል ውስጥ ፒኞኑ ከኮሮናው መሃል ዝቅ ብሎ ነው የሚገጥመው። ስለዚህ ጥርሶቹ ሲዞሩ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ይፋተጋሉ። ሰው ሞልተህ ዳገት ስትወጣ ደካማ ዘይት ከመሃላቸው ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከብረት ይገናኛል። ጂኤል-5 ይህን የሚከላከል የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም በብዛት አለው። ጂኤል-4 የሚይዘው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ለብዙ ማንዋል ካምቢዮ ይበቃል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ዲፈረንሻል ግን አይሆንም።

አንተ ሁለቱንም ባንድ ቀን ነው ያስቀየርከው። ከአንድ በርሜል ተቀድቶላቸው ይሆን? ሁለቱንም የሚያሟላ ዘይት አለ፣ ግን ጣሳው ላይ ተጽፎ ካላየህ አትመን። ባዶውን ጣሳ አሳዩኝ በል። ካላሳዩህ አስፈስሰህ ጂኤል-5 አስገባ። ውፍረቱን ከመኪናው መመሪያ እይ፤ 80ደብሊው-90 የሚል ከሆነ የደሴ ብርድ አያስቸግረውም። ከማስፈሰስህ በፊት ግን የመሙያው ቡሎን መፈታቱን አረጋግጥ። ዘይቱን አስፈስሶ መሙያውን መፍታት ያቃተው ሰው መኪናው እዚያው ቆሞ ቀርቷል።

የወጣውን ዘይት ዝም ብለህ አትድፋው። ማፍሰሻው ቡሎን ላይ ማግኔት ካለ፣ ለስላሳ ግራጫ ጭቃ መያዙ የተለመደ ነው። ስንጣሪ ወይም የጥርስ ቁራጭ ካለ ግን ዲፈረንሻሉ ይከፈት። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

አሁን ንዳው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ በ60 ኪሎ ሜትር በአራተኛ ማርሽ፣ ቀጥሎ በዚያው ፍጥነት በአምስተኛ ሂድ። ማርሽ ስትቀይር ድምፁ ከተለወጠ ካምቢዮውን ወይም ሞተሩን ጠርጥር። ካልተለወጠ ነገሩ ከካምቢዮው በኋላ ነው። ነዳጅ ረገጥክም ለቀቅክም እኩል የሚያጉረመርም ከሆነ የጎማ ወይም የዲፈረንሻል ኩሽኔታ (ዘንጉን ደግፎ የሚያዞረው ክፍል) ይሆናል። መንገዱ ነጻ ሲሆን መሪውን ቀስ ብለህ ወደ ግራ ስታዞር ጉርምርምታው ከጨመረ የቀኙን የጎማ ኩሽኔታ እይ፣ ክብደቱ ወደዚያ ይሄዳልና። ከአስፋልት ወደ ኮረኮንች ስትገባ ድምፁ ከጠፋ ጎማው ራሱ ነው። ቁልቁል በሞተር ይዘህ ስትወርድ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ የፒኞን ኩሽኔታ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ሙከራ ብለህ ሐረጎን በዜሮ ማርሽ እንዳትወርድ! ነዳጅ ለመቆጠብ እንደዚያ የሚያደርጉትን አውቃለሁ። ፍሬን ሲግል ማን ያቆምላቸዋል?

ያንተ ድምፅ ስትረግጥ መጥቶ ስትለቅ የሚጠፋ ነው። ይሄ የጎማ ኩሽኔታ ጠባይ አይደለም፣ የጥርስና የዘይት ነው። በትክክለኛው ዘይት ጥቂት ቀን ከሠራህ በኋላ ከጠፋ ተገላገልክ። ከቀነሰና እዚያው ላይ ከቆመ ጥርሱ ትንሽ ተፍቋል፤ እየተከታተልክ መሥራት ትችላለህ። እየባሰ ከሄደ ይከፈት።

አንድ ነገር ግን አትፍቀድ። «የፒኞኑን ዳዶ ትንሽ ጠበቅ እናድርገው፣ ዝም ይላል» የሚል ይመጣል። በብዙ መኪና ከዳዶው ጀርባ በልኩ የተጨመቀ ቀለበት አለ። ያለ ልክ ሲጠብቅ ቀለበቱ ይደቃል፣ ኩሽኔታው ይግላል፣ ያኔ የእውነት ኮሮና ፒኞን ትገዛለህ።

መግዛት ግድ ከሆነ ኮሮናና ፒኞን ጥንድ ናቸው፣ አንዱን ብቻ አትቀይር። ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ካገኘህም ጥርሱን አስቆጥር። ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10 ከሆነ 4.1 ነው፤ ያንተም ከዚያ ጋር እኩል መሆኑን ሳታይ ገንዘብ እንዳትከፍል።