«ምርታችን የሲቪል ነው» ማለት ከወጪ ንግድ ፈቃድ ግዴታ ነፃ ያደርጋል?

ጥያቄ፦ የምሠራበት ድርጅት የፋብሪካ ምድጃዎችንና የኤሌክትሪክ መስመሮችን ሙቀት ለመከታተል የሚያገለግሉ የኢንፍራሬድ ካሜራዎችን ያመርታል። በውጭ አገር የሚገኝ አንድ ነጋዴ ካሜራዎቹን በብዛት ለመግዛት ጠይቆናል። ዕቃው በሦስተኛ አገር በኩል እንዲላክለት፣ «ለጥገና ይረዳኛል» በማለትም የምርት ንድፉ በኢሜይል እንዲደርሰው ይፈልጋል። በካሜራው ውስጥ ያለው ሙቀት አንባቢ ቺፕ ከአሜሪካ የተገዛ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ምርቱ የሲቪል ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላሉ። ትክክል ናቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ውሉ ሳይፈረም መጠየቅዎ መልካም ነው። የሥራ አስኪያጅዎ አቋም ግን የሕግ ድጋፍ የለውም። የጦር መሣሪያ ንግድ የራሱ ሕግ አለው፤ ለሲቪልም ለወታደራዊም ዓላማ ሊውሉ የሚችሉ ዕቃዎችን የሚመለከተው ሕግ የወጣው በዋናነት እንደ እናንተ ካሜራ ለሰላማዊ ሥራ ተመርተው ለሌላ ጉዳይ ሊውሉ ስለሚችሉ ዕቃዎች ነው። የኩላሊት ጠጠርን በሚሰብር የሕክምና መሣሪያ ውስጥ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል በቅጽበት የሚለቅ ማብሪያ አለ፤ ይኸው ዓይነት ማብሪያ የኑክሌር ቦምብ ለማፈንዳትም ስለሚያገለግል ቁጥጥር ይደረግበታል። የአምራቹ ቅን ልቦና በዚህ ረገድ የሚለውጠው ነገር የለም።

በመጀመሪያ የሚታየው የዕቃው ቴክኒካዊ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተውና 42 አገሮች የጦር መሣሪያንና ለሲቪልም ለወታደራዊም ዓላማ የሚውሉ ዕቃዎችን ወጪ ንግድ ለመቆጣጠር የሚተባበሩበት የቫሰናር ስምምነት የሚያወጣው የዕቃዎች ዝርዝር በራሱ አስገዳጅ ሕግ ባይሆንም፣ ተሳታፊ አገሮች በየራሳቸው ሕግ ውስጥ ያስገቡታል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2021/821 አባሪም በአመዛኙ ይህንኑ ዝርዝር ይከተላል። ለእናንተ ዓይነት ካሜራ አንዱ ወሳኝ መለኪያ በሴኮንድ የሚያነሳው የምስል ብዛት ነው፤ በሴኮንድ ከ9 ምስል የማይበልጡ በርካታ ካሜራዎች ከጥብቁ ምድብ ውጭ ይሆናሉ። ስለዚህ መሐንዲሶቻችሁ የእያንዳንዱን ሞዴል መለኪያ በጽሑፍ አውጥተው ከሥራ ላይ ካለው ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። ዝርዝሩ በየጊዜው ስለሚሻሻል የቀድሞ ምደባ ዛሬም ይሠራል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ዕቃው በዝርዝሩ ውስጥ ባይገኝም ጉዳዩ አያልቅም። በብዙ አገሮች ሕግ ሁሉን አቀፍ የሚባል ድንጋጌ አለ፤ ላኪው ዕቃው ለኬሚካል፣ ለባዮሎጂካል ወይም ለኑክሌር መሣሪያ፣ አለዚያም የጦር መሣሪያ ማዕቀብ በተጣለበት አገር ለወታደራዊ ዓላማ ሊውል መሆኑን ካወቀ ወይም ከባለሥልጣኑ ከተነገረው፣ በዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረ ዕቃ እንኳን ያለ ፈቃድ አይወጣም። የጥያቄዎ አስጨናቂ ክፍል እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ገዢው ነጋዴ እንጂ ተጠቃሚ አይደለም፤ ካሜራው በመጨረሻ የት እንደሚተከል አልነገራችሁም፤ ጭነቱም በሦስተኛ አገር በኩል ይሂድ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊቢያ በሚጓዝ መርከብ ላይ የተያዙት የዩራኒየም ማበልጸጊያ ማሽን ክፍሎች በማሌዥያ ተመርተው በዱባይ በኩል ያለፉ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1540 አገሮች ከመላክ ባሻገር ማስተላለፍንና ዳግም መላክን እንዲሁም የመጨረሻ ተጠቃሚውን እንዲቆጣጠሩ ያስገድዳል። በሦስተኛ አገር በኩል መላክ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ብዙ ቅን ነጋዴዎችም ያደርጉታል፤ ሆኖም የመጨረሻ ተጠቃሚው ካለመታወቁ ጋር ሲደመር የመጠየቅ ኃላፊነት ይጥልባችኋል። «አላወቅንም» የሚለው መከላከያም ደካማ ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ደንብ ሆን ብሎ ከማወቅ መሸሽ እንደ ማወቅ ሊቆጠር ይችላል።

ንድፉን በሚመለከት ከሁሉ ይበልጥ እንድትጠነቀቁ እመክራለሁ። ቁጥጥር የሚደረግበትን ዕቃ ለማምረት የሚያስፈልግ ቴክኒካዊ መረጃ ራሱ ቴክኖሎጂ ተብሎ ይያዛል፤ በኢሜይል መላክም በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንደ ወጪ ንግድ ይቆጠራል። የአሜሪካ ደንብ ደግሞ እዚያው አገር ውስጥ ለውጭ ዜጋ ቁጥጥር የሚደረግበትን ቴክኖሎጂ መግለጥን ወደ ዜግነቱ አገር እንደ መላክ ያየዋል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ መረጃና መሠረታዊ ሳይንሳዊ ምርምር በአጠቃላይ ነፃ ናቸው፤ የድርጅታችሁ የምርት ንድፍ ግን ከሁለቱም አይደለም። ካሜራ ለመጠገን የጥገና መመሪያ ይበቃል፤ የምርት ንድፍ የሚጠይቅ ሰው ማምረት የሚችልበትን ዕውቀት እየጠየቀ ነው። አንዴ የሄደ ንድፍ ደግሞ አይመለስም፣ ስንት ቦታ እንደሚባዛም ማወቅ አይቻልም።

ቺፑ ከአሜሪካ መምጣቱ የዚያን አገር ሕግ ሊያስከትል ይችላል። በውጭ አገር በተመረተ ዕቃ ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግበት የአሜሪካ ይዘት በዋጋ ከ25 በመቶ፣ ለአንዳንድ መዳረሻዎች ደግሞ ከ10 በመቶ ከበለጠ ዳግም መላኩ በአሜሪካ ደንብ ሥር ይወድቃል፤ የአሜሪካ ይዘታቸው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን በደንቡ ሥር የሚወድቁ ዕቃዎችም አሉ። የቺፑን ምደባ ከሻጩ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቺፑን ስትገዙ ዳግም ስለ መላክ የፈረማችሁት ግዴታ ካለም አብራችሁ መርምሩ።

አሁን ውሉን አትፈርሙ፤ ንድፉንም በማንኛውም መንገድ አትላኩ። ከገዢው የመጨረሻ ተጠቃሚውን ስም፣ ካሜራው የሚተከልበትን ቦታና የሚውልበትን ሥራ የያዘ፣ በተጠቃሚው በራሱ የተፈረመ ማረጋገጫ ጠይቁ፤ ስሞቹንም ከማዕቀብ ዝርዝሮች ጋር አመሳክሩ። መልሱ ካላረካችሁ ወይም ገዢው ለመመለስ ካንገራገረ፣ ጉዳዩን ለአገራችሁ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ባለሥልጣን በጽሑፍ አቅርባችሁ ውሳኔውን ጠብቁ። ሽያጩ የሚቀጥል ከሆነ ውሉ ፈቃድ ሲገኝ ብቻ የሚጸና መሆኑን፣ ፈቃድ ቢከለከልም ድርጅታችሁ ካሳ እንደማይከፍል የሚገልጽ አንቀጽ ይግባበት። ከገዢው ጋር የተለዋወጣችሁትን ደብዳቤና የምርመራችሁን ሰነድ በሙሉ አስቀምጡ፤ የአውሮፓ ኅብረትም የአሜሪካም ደንቦች ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲቆይ ያዛሉ። ሥራ አስኪያጅዎ በዚህ ሁሉ ካልተስማሙ፣ የእርስዎን አስተያየት በጽሑፍ ሰጥተው ግልባጩን ይያዙ፤ በብዙ አገሮች ቅጣቱ ከድርጅቱ አልፎ ጥሰቱ ላይ የተሳተፈውን ሠራተኛ በግል ሊያስጠይቅ ይችላል።